«በግምት ጻፈው» ለሚሉ የዜግነት ፎርም አማካሪዎች

«ቀኑን በግምት ጻፈው፣ ማን ያየዋል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹት። ዘመዳችሁ ቢሆንም ሽሹት። ቀድሟችሁ አሜሪካ የገባ፣ ራሱ በግምት ጽፎ ዜግነቱን ያገኘ ቢሆንም ሽሹት። እሱ ሳይጠየቅ ማለፉ እናንተን እንዳይጠይቋችሁ ዋስ አይሆንም።

ነገሩ ለራቀባችሁ ወዳጆቼ ባጭሩ ላስረዳ። ግሪን ካርድ ይዞ አሜሪካ የሚኖር ሰው አምስት ዓመት ሲሞላው (አሜሪካዊ አግብቶ አብሮ ለሚኖር ሦስት ዓመት) ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ፎርሙ ኤን-400 ይባላል። እዚያ ላይ ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያልፈው አንድ ሰንጠረዥ አለ። ባለፉት አምስት ዓመታት ከአሜሪካ ውጭ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የቆየህባቸውን ጉዞዎች በሙሉ ዘርዝር፣ የወጣህበትን ቀን፣ የተመለስክበትን ቀን፣ የሄድክበትን አገር ጻፍ ይላል። ከእነዚያ ቀኖች ተነስተው ሁለት ነገር ይቆጥራሉ። ከአምስቱ ዓመት ቢያንስ 30 ወር በአካል እዚያው ነበርክ ወይ? በአንድ ጉዞ ከ6 ወር በላይ ጠፍተሃል ወይ? መጨረሻ ላይ ትፈርማለህ። ፊርማው «የጻፍኩት እውነት ነው፣ ሐሰት ከሆነ በሕግ እጠየቅበታለሁ» ማለት ነው። ኢንተርቪው ቀን ደግሞ ቀኝ እጅህን አንስተህ ትምላለህ፤ ኦፊሰሩ ያንኑ ፎርም ከፊቱ ዘርግቶ ይጠይቅሃል።

እኔ እንግዲህ ቦንጋ ተቀምጬ የዜግነት ትምህርት የማስተምር ባለ ዲፕሎማ መምህር ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ያስተማርኳቸው ልጆች ተበትነዋል። ዲቪ ደርሷቸው የሄዱ አሉ፣ በትዳር የሄዱ አሉ፣ ስንቱን አገር ዞረው የደረሱ አሉ። ፎርሙን መሙላት ሲጀምሩ ወደ እኔ ይደውላሉ። «ቲቸር፣ የወንድሜ ሠርግ መቼ ነበር?» «ቲቸር፣ አባዬ ያረፈ ጊዜ የመጣሁት ጥር ነው የካቲት?» የሚደውሉት የሁሉን ቀን በቃሌ ስለማውቅ አይደለም፤ ደብተር ላይ የሚጽፍ ሰው በሰፈሩ ስለጠፋ ነው። ይደውሉ፣ ደስ ይለኛል። የሚያበግነኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ቀኑን ፈልጌ፣ ሰው ጠይቄ፣ መዝገብ አስገልጬ ስደውልላቸው «ተወው ቲቸር፣ ፎርም የሚሞላልኝ ሰውዬ በግምት አስገብቶታል» ይሉኛል።

በግምት! ሰው ለበግ ዋጋ ገበያ ለገበያ ይዞራል፤ ለዜግነቱ ግምት!

አሁን ይህን ለመጻፍ ያስነሳችኝ አንዲት ተማሪዬ ናት። ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፣ ስሟንና ያለችበትን ከተማ ግን አልጠቅስም። እናቷ ታመሙባትና ባሏንና ልጇን እዚያው ትታ መጣች። እያስታመመች ቆየች፣ እናቷ አረፉ፣ አርባቸውን አውጥታ ተመለሰች። ጉዞው ሰባት ወር ሆነ። ፎርም የሚሞላላት ሰው (ገንዘብ ተቀብሎ ነው የሚሞላው፣ ማወቅ ያለባችሁ ይሄን ነው) ምን አላት? «ሰባት ወር ብለሽ ከጻፍሽ ይጥሉሻል። ከየካቲት እስከ ሰኔ ነው በይ። አራት ወር ይበቃል።» ልጅቷ ጨነቃት። እስካሁን አልፈረመችም፤ ፎርሙ ተሞልቶ ጠረጴዛዋ ላይ ነው ያለው።

እስቲ የሰውየውን ምክር በሕጉ እንመርምረው። ከ6 ወር በላይ ከአንድ ዓመት በታች የቆየ ሰው ኑሮውን እንዳቋረጠ ሕጉ ግምት ይወስዳል። (አያችሁ፣ ግምት እንኳ ሲያስፈልግ የሚገምተው ሕጉ ነው እንጂ አመልካቹ አይደለም።) ግምቱ ግን በማስረጃ ይፈርሳል። ሥራዬን አልለቀቅኩም፣ ፈቃድ ወስጄ ነው የሄድኩት የሚል ወረቀት፤ ቤተሰቤ እዚያው ነበር የሚል ማስረጃ፤ የቤት ኪራይ ሳይቋረጥ የተከፈለበት ደረሰኝ፤ እነዚህ ሁሉ ይታያሉ። የእኔ ተማሪ ሦስቱም አላት። በዚያ ላይ የእናቷ የሕክምና ወረቀት አለ፣ የሞቱበት ቀን እድራቸው መዝገብ ላይ አለ። እውነቱን ጽፋ ልትከራከርበት የምትችል ጉዳይ ነው።

እሺ፣ ኦፊሰሩ አልተቀበላትም እንበል። የከፋው ምንድን ነው? ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፣ የከፈለችው ገንዘብ ይቀራል (ከ2024 የፈረንጆች ሚያዝያ ወዲህ በኦንላይን 710 ዶላር፣ በወረቀት 760 ዶላር ነው፣ ትንሽ አይደለም)፣ ጊዜ ጠብቃ እንደገና ታመለክታለች። ሥራዋን ትሠራለች፣ ልጇን ታሳድጋለች።

የሰውየውን ምክር ተቀብላ «አራት ወር» ብላ ብትምልስ? ያኔ ጥያቄው ስለ ሰባት ወሩ መሆኑ ይቀራል፤ ስለ እሷ ጠባይ ይሆናል። የአሜሪካ ሕግ ዜግነት ጠያቂው መልካም ጠባይ ያለው ሰው መሆን አለበት ይላል፤ ጥቅም ለማግኘት ብሎ ምሎ በቃሉ ሐሰት የመሰከረ ሰው ደግሞ ያንን አያሟላም ብሎ ለይቶ ጽፎታል። በ1988 በፈረንጆቹ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኩንጊስን ጉዳይ አይቷል። ሰውየው የሊቱዌኒያ ተወላጅ ነው፤ መንግሥት ክስ ካቀረበባቸው ነገሮች አንዱ የትውልድ ቀኑንና ቦታውን አሳስቶ መናገሩ ነበር። ቀን! ፍርድ ቤቱ የቀኑ ልዩነት ብቻውን ውሳኔ የሚለውጥ ሆኖ አላገኘውም። ነገር ግን ያንኑ የሐሰት ምስክርነት አንቀጽ ሲተረጉም፣ ጥቅም ለማግኘት ታስቦ በመሐላ የተነገረ ውሸት ከሆነ ውሸቱ ትንሽ ነው ትልቅ ነው ተብሎ አይለካም አለ። እንግዲህ «ትንሽ ማስተካከያ ናት» ለሚለው ሰውዬ ይሄንን አንብቡለት።

ስለዚህ ሰውየው ያደረገው ምንድን ነው? በወረቀት ልትመልሰው የምትችለውን ጥያቄ ወስዶ መልስ የሌለው ጥያቄ አደረገባት። ለዚህም ሒሳብ ተቀበለ። እሱ ኢንተርቪው አይቀርብም። እሱ አይምልም። ፊርማው የሷ ነው።

«መንግሥት ራሱ መዝገብ አለው፣ ታዲያ ለምን ይጠይቀናል?» የምትሉ አላችሁ። ትክክል ነው፣ አለው። የአየር መንገዱ የመንገደኛ ዝርዝር ይደርሰዋል፣ ስትገቡ ፓስፖርታችሁ ይታያል። ለዚህም እኮ ነው በግምት መጻፍ ጅልነት የሚሆነው። መልሱን የያዘ ፈታኝ ፊት ተቀምጦ መልስ መፍጠር የትኛው ጎበዝ ተማሪ የሚሠራው ነው? በነገራችን ላይ ያንን መዝገብ እናንተም መጠየቅ ትችላላችሁ። አገሪቱ የመረጃ ነፃነት ሕግ አላት፤ የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን የመግቢያና መውጫ መዝገቤን ስጠኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ፎርሙን ለማስገባት ሳምንት ሲቀር አትጀምሩት።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ይህ የ«ምን አለበት» በሽታ ዋሽንግተን ላይ የተጀመረ አይደለም፤ ከዚሁ ይዘነው ነው የምንሄደው። አንድ ቀበሌ (የትኛው እንደሆነ ይቅር) ለአንዲት ዘመዴ መታወቂያ ሲያወጣ የትውልድ ቀኗን ጠየቃት። «ቡና ለቀማ ላይ ነው የተወለድሽው ይሉኛል» አለች። እውነት ተናገረች። ጸሐፊው መስከረም 1 ብሎ ጻፈ። ቡና ለቀማ መስከረም 1 ነው እንዴ? ካፋ ተቀምጦ! የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ስብሰባው ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀን ወደኋላ ተደርጎ ይጻፋል። የሥራ መግቢያ ፊርማ የሳምንቱ ባንድ ቀን ይፈረማል። ደብዳቤ ይዘገይና «የባለፈው ወር ቀን አድርግበት» ይባላል። ልደት፣ ሞትና ጋብቻ በሕግ መመዝገብ የጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ አሁንም ብዙ ሰው ልጁን የሚያስመዘግበው ወረቀቱ ሲያስፈልገው ብቻ ነው። ሰው ቀን የሚባለው ነገር እንደ ፎርሙ የሚታጠፍ መስሎት ያድጋል። ከዚያ በቦሌ በኩል ይወጣል።

ግን አንድ ነገር አልቀበልም። «የኛ ሕዝብ ቀን አያውቅም» የሚለውን። ይህንን የሚሉት እነዚያው ፎርም ሞይዎች ናቸው፤ «አበሻ ቀን የት ያውቃል፣ ዝም ብለህ ሙላው» ይላሉ። ውሸት ነው። ተማሪዬን መቼ መጣሽ ስላት ምን አለችኝ? «የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት ቦሌ ገባሁ። የተመለስኩት የሰኔ ሚካኤል ዕለት ማታ፣ በእማዬ አርባ ማግስት።» ከዚህ በላይ ምን ዓይነት መዝገብ ትፈልጋላችሁ? የኅዳር ሚካኤል ኅዳር 12 ነው። የሰኔ ሚካኤል ሰኔ 12 ነው። ዓመቱ 2014 ነው። የእድራቸውን ጸሐፊ ሄጄ ጠየቅኳቸው፤ መዝገቡን አውጥተው እናትየው ግንቦት 2 ቀን ማረፋቸውን አሳዩኝ። ከግንቦት 2 ቆጥራችሁ አርባኛው ቀን ሰኔ 11 ይውላል። ማግስቱ ሰኔ 12። ተዘግቷል። ልጅቷ «ቀን አላውቅም» ስትል የነበረችው የፈረንጁን ቀን አላውቅም ለማለት ነው እንጂ ዕለቷን ልቅም አድርጋ ታውቃለች።

ችግሩ ያለው ልውውጡ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና።

ኅዳር 12 ቀን 2014 በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 2021 ነው። ሰኔ 12 ቀን 2014 ጁን 19 ቀን 2022 ነው። ታዲያ ፎርሙ ላይ እነዚህ ይጻፉ? አይ! ፎርሙ የሚጠይቀው ኢትዮጵያ የገባሽበትን ቀን አይደለም፣ ከአሜሪካ የወጣሽበትን ነው። ኢትዮጵያ የወጣሽበትን ቀን አይደለም፣ አሜሪካ የገባሽበትን ነው። ከዋሽንግተን በቀጥታ የሚበረው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ጠዋት ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ያርፋል። ሲመለስ ማታ ከቦሌ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት እዚያ ይደርሳል። ስለዚህ የተማሪዬ ትክክለኛ ቀኖች ኖቬምበር 20 ቀን 2021 እና ጁን 20 ቀን 2022 ናቸው። የቦሌን ማኅተም ብቻ አይቶ የሚገለብጥ ሰው በሁለቱም በኩል በአንዳንድ ቀን ይሳሳታል። በዱባይ ወይ በኢስታንቡል አድሮ የመጣ ደግሞ ከዚያም በላይ።

የወጣሽበት ቀንና የገባሽበት ቀን ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ እንደነበርሽ ተደርጎ ይቆጠራል። በመካከል ያሉት ናቸው ውጭ የዋሉት። የሷን ቆጠርኩት፦ 211 ቀን። ከ180 በላይ ነው፤ ይታወቅ፣ ይጻፍ፣ ይብራራ።

ሁለተኛው ወጥመድ ስምንት መደመር ነው። «የኛ ላይ ስምንት ደምር» የሚለውን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ከመስከረም 1 አንስቶ እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ድረስ ግን የሚደመረው ሰባት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2015 ዲሴምበር 19 ቀን 2022 ነው። ስምንት የደመረ ሰው 2023 ብሎ ይጽፋል፤ ጉዞው ባንድ ዓመት ተንሸራተተ ማለት ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 2015 ግን ጃንዋሪ 3 ቀን 2023 ነው፣ እዚያ ላይ ስምንት ልክ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱም አለ! ገና ለማክበር የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጓዘው በዚሁ ወር ነው።

ሦስተኛው ጳጉሜን ናት። መስቀል ሴፕቴምበር 27 ነው ብሎ የማያውቅ የለም። በ2016 ዓ.ም. ግን ሴፕቴምበር 28 ቀን 2023 ነበር፤ 2015 ጳጉሜን 6 ያደረገችበት ዓመት ስለሆነ። ጥምቀትም በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 20 ነው የዋለው። ከየካቲት ማብቂያ በኋላ እንደገና ይገጣጠማል። ለማሽቃሬ ባሮና ለመስቀል ብላችሁ በ2016 የመጣችሁ ልጆች፣ በቃላችሁ የያዛችሁትን የፈረንጅ ቀን አትመኑት፣ በቁጥር አስተካክሉት።

አራተኛው አጻጻፉ ነው። ዘመድ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ፎቶ ጀርባ ላይ «5/7/2014» ተጽፎ ታገኛላችሁ። እዚህ ቤት መጋቢት 5 ማለት ነው፤ ማርች 14 ቀን 2022። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፣ ስለዚህ ያንኑ ቁጥር ሜይ 7 ብለው ያነቡታል። እንግሊዝ ያለው ዘመዳችሁ ጁላይ 5 ይለዋል። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ቀን፣ ዓመቱም ለየብቻ። ወሩን በፊደል ጻፉ፣ ተገላገሉ።

የሌሊቱንም ልጨምር። «ሐሙስ ሌሊት 7 ሰዓት በረርኩ» የሚል ሰው ለኛ ገብቶናል፣ ለዓርብ አጥቢያ ማለቱ ነው። በአውሮፕላኑ ቲኬት ላይ ግን ቀኑ ተቀይሮ ዓርብ ሆኗል። ስለ ቀን ስትጠይቁ ዘመድን ጠይቁ፤ ስለ በረራ ቀን ግን ቲኬቱን እመኑ።

ቲኬቱ ጠፋ? ኢሜይላችሁ ውስጥ አለ፣ ፈልጉት። የሼባማይልስ አባል ከሆናችሁ በረራዎቻችሁ እዚያ ተመዝግበዋል። የስልካችሁ ፎቶ ቀንና ሰዓት ይይዛል፤ ቦሌ በር ላይ የተነሳችሁት ፎቶ የሌላችሁ አንዳችሁም የላችሁም። ለቤተሰብ በየወሩ የምትልኩት ብር የተቋረጠበትን ወር እዩት፤ የተቋረጠው እዚህ ስለነበራችሁ ነው። አሮጌ ፓስፖርት ደግሞ በፍጹም አትጣሉ። አንዱ ልጅ አዲሱ ሲወጣለት አሮጌውን ለልጁ መጫወቻ ሰጥቶት የኢትዮጵያ ማኅተሞቹን በሙሉ በከለር ተቀብተው አገኛቸው፤ ስቄ አላቆምኩም፣ እሱ ግን አልሳቀም።

ሌላው የሚረሳው ጉዞ የመኪናው ነው። ሲያትል ያላችሁ ቅዳሜ ተነስታችሁ ቫንኩቨር ሠርግ ውላችሁ ሰኞ ትመለሳላችሁ፤ «ወደ ውጭ ወጥተሃል?» ስትባሉ «ኢትዮጵያ አልሄድኩም» ትላላችሁ። ካናዳ ውጭ አገር ነው ወገን! 24 ሰዓት ካለፈ ይጻፋል።

እውነት እንነጋገር፤ አንዳንድ ቀን በምንም መንገድ አይገኝም። ያኔ ምን ይደረግ? ያኔ ግምት ይጻፍ፤ ግን ግምት መሆኑ ይጻፍ። ፎርሙ ለተጨማሪ ማብራሪያ ቦታ አለው። «ቀኑ የተገመተ ነው፣ ማኅተሙ አልተገኘም» ማለት ነውር የለውም። ከኢንተርቪው በፊት የተሻለ ማስረጃ ካገኛችሁ የታረመ ዝርዝር ይዛችሁ ቅረቡ፤ ኦፊሰሩ ፎርሙ ላይ ያርመዋል፤ የተለመደ ሥራው ነው። ካመለከታችሁ በኋላ የተጓዛችሁትንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ይጠይቃችኋል። እኔ የምጣላው የማያውቀውን አላውቅም ከሚል ሰው ጋር አይደለም። የሚያውቀውን ቀን ደብቆ የማያውቀውን በእርግጠኝነት ከሚጽፍ ጋር ነው።

ደግሞ በሌላው ጽንፍ ያላችሁ አስፈራሪዎችም ተዉን። አንዳንዱ ቪዲዮ ከፍቶ «አንድ ቀን ከተሳሳትክ ዜግነትህን ቀምተው ያስሩሃል» እያለ ሰው ያስደነግጣል፣ ከዚያ ስልክ ቁጥሩን ይሰጣል። በቀይ ሽብር ጊዜ እስር ቤት ጠባቂ የነበረ ሰው በ2014 በፈረንጅ ዴንቨር ላይ 22 ዓመት ተፈርዶበታል፣ እውነት ነው። ያ ሰው ግን የሌላ ሰው ማንነት ይዞ ገብቶ፣ ያለፈ ሥራውን ደብቆ ዜግነት የወሰደ ነው። ይህንን ጳጉሜን ስድስት ከረሳች ልጅ ጋር ማነጻጸር ግፍ ነው። በማይቀጣበት ነገር የሚያስፈራራውና በሚቀጣበት ነገር የሚያደፋፍረው ሁለቱም አንድ ገበያ ላይ ነው የቆሙት።

ካናዳና እንግሊዝ ያላችሁም አትሳቁ። ካናዳ በአምስት ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን በአካል መገኘት ትጠይቃለች፣ አንድ ቀን ከጎደለ ጎደለ ነው። እንግሊዝ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ450 ቀን በላይ፣ በመጨረሻው አንድ ዓመት ከ90 ቀን በላይ እንዳትጠፉ ትፈልጋለች። ቀን የመቁጠሩ ነገር ያው ነው።

«የፈረንጅ ጣጣ» የሚለውም ሰው አልጠፋም። በካፋ ነገሥታት ዘመን አገሩ በቦይ የታጠረ፣ በሩም በኬላ የሚጠበቅ ነበር፤ የመጣ እንግዳ በበሩ ሳይጠየቅ አይገባም ነበር። ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ መጠየቅ እዚህም የነበረ ሥርዓት ነው። አያቶቻችን ለኬላ ጠባቂ እውነቱን ተናግረው አልፈዋል።

በክፍል ውስጥ አንቀጽ 33ን ስናስተምር ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ አይችልም እንላለን። የዜግነት አዋጁ (378/1996) ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል ይላል። እንግዲህ ያ ኤን-400 ላይ ያለው ፊርማ የናንተ ፈቃድ ማለት ነው። ያንን ፊርማ ስታኖሩ አንዱን አገር ትለቃላችሁ። ቢጫ ካርድ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ ቡናችሁን ትጠጣላችሁ፣ ግን እዚህ አትመርጡም። ይህን የሚያህል ነገር ለቅቃችሁ የምትይዙትን ወረቀት አንድ ሰውዬ በግምት በሞላው ቀን ላይ ታቆማላችሁ? እኔ የማይገባኝ ይሄ ነው። የምትለቁትም እኛን ነው እኮ።

ለተማሪዬ የመከርኳት ይህንን ነው፦ የሰውየውን ፎርም ቅደጂው። የከፈልሽውን ገንዘብ እርሺው። ሰባት ወር የቆየሽበት ጉዞ ስላለ ለብቻሽ አትሙዪው፤ እውነተኛ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ፣ አቅም ካነሰሽ ከፍትሕ መሥሪያ ቤታቸው እውቅና ያላቸው የበጎ አድራጎት ድርጅት ተወካዮች አሉ። ሲጠይቁሽ 211 ቀኑን ራስሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ከመሥሪያ ቤትሽ የፈቃድ ደብዳቤውን፣ ከአከራይሽ ደረሰኙን አውጪ። እናቴን አስታምሜ ቀብሬ መጣሁ ማለት የሚያሳፍር ነገር ሆኖ ነው እንዴ የሚደበቀው? «እሺ ቲቸር፣ ላስብበት» ብላኛለች። ባሏ ግን አሁንም የሰውየው ወገን ነው፤ ይህንን ጽሑፍ እንደሚያነበው አውቃለሁ።

ቦንጋ፣ ጊምቦ፣ ዴቻ፣ ጨና ቤተሰብ ያላችሁና የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የክርስትና ቀን የጠፋባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የየትኛው ሰፈር እድር እንደሆነ ንገሩኝ፤ ጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ያውቁኛል፣ መዝገቡን ያሳዩኛል። የገጹን ፎቶ እልካለሁ። ክፍያ የለውም። ግን ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ በሥራ ቀን ክፍል ውስጥ ነኝ። ስትደውሉም ሰዓቱን በእኛ ቁጠሩ፤ ባለፈው አንዱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቀስቅሶኝ «ቲቸር፣ ጥምቀት ስንት ነበር?» አለኝ።